የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ የድርጅት መረጃ በሠራተኛው የግል መሣሪያ ላይ

በቅርቡ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል የበዙት በግል ስልክና በግል ላፕቶፕ ስለሚከናወን የቢሮ ሥራ የሚጠይቁ በመሆናቸው የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለእነርሱ ሰጥተናል። ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምረን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ሠራተኞች ያሉት የሒሳብና የኦዲት አገልግሎት ድርጅት እመራለሁ። ለሁሉም ላፕቶፕና ስልክ ገዝተን ማደል ስላልቻልን አብዛኛው ሠራተኛ የሚሠራው በራሱ መሣሪያ ነው። የደንበኞቻችን ሰነዶች በእነዚህ መሣሪያዎች ላይ መኖራቸው እንቅልፍ ነሥቶኛል። አንድ የቦርድ አባላችን የግል መሣሪያ ጨርሶ እንዲከለከል ሐሳብ አቅርበዋል። ይህ ያዋጣል? ካልሆነስ ከየት እንጀምር? (ከአንድ ሥራ አስኪያጅ)

መልስ፦ የቦርድ አባሉ ስጋት ተገቢ ነው፤ ያቀረቡት መፍትሔ ግን አያዋጣም። ድርጅቱ በምትኩ መሣሪያ ካልሰጠ በቀር ክልከላው በግል መሣሪያ መሥራትን አያስቀርም፤ ከእርስዎ ዓይን ብቻ ይሰውረዋል። ሪፖርቱን ለነገ ጠዋት ማድረስ ያለበት ሠራተኛ ሰነዱን ወደ ግል ኢሜይሉ ይልከዋል፣ ወይም በፍላሽ ይዞት ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ቅጂው የት የት እንደተቀመጠ እርስዎም እርሱም አታውቁትም። ስለዚህ እኔ ብሆን የግል መሣሪያን በግልጽ ፈቅጄ፣ የሚፈቀድበትን ሁኔታ በጥንቃቄ እወስን ነበር።

ሁኔታውን ከመወሰንዎ በፊት ግን አደጋው በእርግጥ በየት በኩል እንደሚመጣ ማየት ያስፈልጋል። አብዛኞቹ የሥራ ኃላፊዎች የሚፈሩት ስልክ ይጠፋል፣ ላፕቶፕ ይሰረቃል ብለው ነው። ይህ የሚናቅ ባይሆንም የዛሬ ስልኮች በዚህ ረገድ ራሳቸውን በደንብ ይከላከላሉ። አይፎን የመክፈቻ ቁጥር ከተደረገለት በውስጡ ያለው መረጃ የተመሰጠረ፣ ማለትም ያለ ቁልፉ የማይነበብ ነው፤ አንድሮይድ 10ን ወይም ከዚያ በኋላ የመጡ ሥሪቶችን ይዘው ለገበያ የቀረቡ ስልኮችም የተጠቃሚውን መረጃ እንዲያመሰጥሩ ይገደዳሉ። የቅርብ ዓመታት ታላላቅ ጥቃቶች ሲመረመሩ በተደጋጋሚ የተገኘው ክፍት በር ሌላ ነው፤ በቤት ኮምፒውተር ላይ የተተየበ ወይም በግል አካውንት ውስጥ የተቀመጠ የሥራ የይለፍ ቃል።

የይለፍ ቃሎችን በማስቀመጥ አገልግሎት የሚታወቀው ላስትፓስ እ.ኤ.አ. በ2022 የደረሰበት ጥቃት ከሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ጠላፊዎቹ የኩባንያውን የመጠባበቂያ ቅጂዎች መክፈቻ ቁልፎች ማግኘት ይችሉ ከነበሩት አራት መሐንዲሶች አንዱን ለይተው የቤት ኮምፒውተሩን አጠቁ። የገቡትም ፊልምና ሙዚቃ ለማደራጀት ተጭኖ በነበረው ፕሌክስ በተባለ ሶፍትዌር ክፍተት ነበር፤ ለዚያ ክፍተት ማስተካከያ የወጣለት እ.ኤ.አ. በ2020 ቢሆንም በዚያ ኮምፒውተር ላይ አልተጫነም ነበር። ከዚያም የሚተየበውን ሁሉ የሚመዘግብ ፕሮግራም ደብቀው፣ መሐንዲሱ የድርጅቱን የይለፍ ቃል ማኅደር የሚከፍትበትን ዋና ቃል ሲጽፍ ወሰዱት። ለፊልም ማሳያ የተጫነ አንድ ያልታደሰ ሶፍትዌር የሚሊዮኖች ደንበኞችን ማኅደር ቅጂ ለሌባ አሳልፎ ለመስጠት በቃ።

እ.ኤ.አ. በ2023 ኦክታ በተባለው የማንነት ማረጋገጫ ኩባንያ ላይ የደረሰው ደግሞ ለቦርድዎ ክርክር በቀጥታ መልስ ይሰጣል። አንድ ሠራተኛ በክሮም አሳሽ የግል ጎግል አካውንቱን ከፍቶ ሲሠራ የአንድ የሥራ አካውንት መጠሪያና የይለፍ ቃል በዚያ የግል አካውንት ውስጥ ተቀመጠ፤ ጠላፊውም በዚህ ተጠቅሞ ከ134 ደንበኞች ጋር የተያያዙ ፋይሎችን ተመለከተ። ላፕቶፑ ግን የሠራተኛው ሳይሆን ኩባንያው ራሱ የሚያስተዳድረው ነበር። የግል መሣሪያን የሚከለክል ደንብ ቢኖር ኖሮ እንኳ ይህን ጥቃት አያስቀረውም ነበር ማለት ነው። የኔትወርክ መሣሪያዎች አምራቹ ሲስኮም እ.ኤ.አ. በ2022 የተጠቃው የአንድ ሠራተኛ የግል ጎግል አካውንት ተጠልፎ፣ አሳሹ ወደዚያ ያስተላለፋቸው የሥራ የይለፍ ቃሎች አብረው በመወሰዳቸው ነው።

እንግዲህ ጅምሩ ከይለፍ ቃል ይሁን። ድርጅቱ ለሁሉም ሠራተኛ አንድ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም ያቅርብ፤ የሥራ የይለፍ ቃልን በግል አሳሽ ውስጥ ማስቀመጥ በግልጽ ይከልከል፤ ሠራተኛው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ለሥራ ብቻ የሚከፍተው የተለየ የአሳሽ ፕሮፋይል ይኑረው። ከዚህ ቀጥሎ በሁሉም የሥራ አካውንት ላይ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ ሌላ ማረጋገጫ መጠየቅ፣ ግዴታ መሆን አለበት። በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚመጣ ኮድ ከምንም የተሻለ ነው፤ ነገር ግን የሌላውን ሰው ሲም ካርድ በስሙ አስወጥቶ ኮዱን መቀበል የተለመደ የማጭበርበሪያ ስልት ስለሆነ የማረጋገጫ መተግበሪያ ይሻላል፤ ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ በሐሰተኛ ገጽ ሊታለል የማይችለው የደኅንነት ቁልፍ (ኮምፒውተሩ ላይ የሚሰካ ትንሽ መሣሪያ) ወይም ፓስኪ (በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ውስጥ ተቀምጦ የይለፍ ቃልን የሚተካ ቁልፍ) ነው። በስልክ ላይ ብቅ የሚለውን «ፍቀድ» የሚል መጠየቂያ ብቻ መጠቀምም አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ኡበር ውስጥ የተገባው፣ የግል መሣሪያው በአጥፊ ሶፍትዌር ተበክሎ የይለፍ ቃሉ ሳይሸጥ አልቀረም በተባለ አንድ የኮንትራት ሠራተኛ በኩል ነው፤ ሠራተኛው መጠየቂያው ደጋግሞ ሲመጣበት በመጨረሻ ፈቅዶ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰነዱ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። እርስዎ በማያዙበት መሣሪያ ላይ የተቀመጠን ፋይል መጠበቅ እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ ቀድሞውኑ እንዳይቀመጥ ማድረግ ይቀልላል። የደንበኞች ሰነድ በአንድ የድርጅቱ ማከማቻ ውስጥ ይሁን፤ ሠራተኛው እዚያው ከፍቶ ያንብብ፣ እዚያው ያርም፤ ወደ ግል መሣሪያ ማውረድ ከተቻለ ይዘጋ። ዛሬ በስፋት የሚያገለግሉት የቢሮ ሶፍትዌሮች መሣሪያው በድርጅቱ ያልተመዘገበ ከሆነ ሰነዱን በአሳሽ ማየት ብቻ እንዲቻል የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው፤ ብዙ ድርጅቶች ለዚህ አገልግሎት እየከፈሉ ማስተካከያውን አንድም ቀን ከፍተው አያዩትም።

መሣሪያው ራሱ ሊያሟላ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ ግን ሊታለፍ አይገባም። የአሠራር ሥርዓቱ የደኅንነት ማሻሻያ የሚወጣለት መሆን አለበት። ለምሳሌ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ የአንድሮይድ ስልክም የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ መቼ እንደደረሰው በማስተካከያው ገጽ ላይ በወር ተጽፎ ይገኛል። የስክሪን መቆለፊያ ይኑር። የላፕቶፑ ዲስክ የተመሰጠረ ይሁን፤ በማክ ላይ ይህ ፋይልቮልት ይባላል፣ በዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር ነው፤ ሆኖም የዊንዶውስ ሆም ሥሪት ሙሉው ቢትሎከር ስለሌለው «የመሣሪያ ምስጠራ» የተባለው ቀለል ያለ አማራጭ መኖሩንና መብራቱን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

ፈቃዱ ተሰብሮ በነፃ የሚታደል ሶፍትዌር በዚያው መሣሪያ ላይ አይጫን። ይህን የምለው ስለ ባለቤትነት መብት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የድርጅቶችን መረጃ በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው የስኖውፍሌክ ኩባንያ ደንበኞች መረጃ በጅምላ ሲዘረፍ ምርመራውን ያካሄደው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ ማንዲያንት እንደገለጸው፣ ዘራፊዎቹ የተጠቀሙት የይለፍ ቃል በሚሰርቁ ፕሮግራሞች አማካይነት ቀደም ሲል የተለቀመ ሲሆን፣ ከተበከሉት ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ ለጨዋታና የተሰበረ ሶፍትዌር ለማውረድም የሚያገለግሉ የኮንትራት ሠራተኞች መሣሪያዎች ነበሩ። ሊጎዱ ይችላሉ ተብለው ማስጠንቀቂያ የተላከላቸው ድርጅቶች 165 ያህል ናቸው፤ የተደፈሩት አካውንቶች ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አልነበራቸውም።

በመጨረሻም ሠላሳውን ሠራተኛ በአንድ ዓይን አይዩ። የደንበኛን ክፍያ የሚያጸድቅ፣ የሲስተም አስተዳዳሪ መብት ያለው፣ የሁሉንም ሰነድ መክፈት የሚችል ሰው በግል መሣሪያው ሊሠራ አይገባውም ባይ ነኝ፤ የላስትፓሱ መሐንዲስ ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። ለሠላሳው መግዛት ካቃታችሁ ለአምስቱ ግዙ። ለቀሩት ከላይ ያልኩትን በሁለት ገጽ ጽፋችሁ፣ አስረድታችሁና አስፈርማችሁ ጀምሩ። አርባ ገጽ ደንብ ጠበቃን ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ የሚያነበው አይገኝም።

ጥያቄ፦ መሥሪያ ቤቴ የሥራ ኢሜይል በስልኬ ላይ እንዲኖረኝ ከፈለግሁ የመሣሪያ ማስተዳደሪያ መተግበሪያ መጫን እንዳለብኝ ነገረኝ። ስልኩን የገዛሁት በራሴ ገንዘብ ነው፤ የልጆቼ ፎቶና የግል መልእክቶቼ በውስጡ አሉ። የኮምፒውተር ክፍሉ እነዚህን ማየት ይችላል? አንድ ቀን ስልኬን ሙሉ በሙሉ ሊደመስሰው ይችላል? እምቢ ብልስ? (ከአንዲት ሠራተኛ)

መልስ፦ ሁሉም የሚወሰነው ስልክዎ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚመዘገብ ስለሆነ፣ ከመጫንዎ በፊት ሊጠይቁት የሚገባው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ ለግል መሣሪያ ተገቢው መንገድ የሥራ ፕሮፋይል የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድሮይድ 5 ጋር የመጣ ሲሆን ስልኩን ለሁለት የተለያዩ ክፍሎች ይከፍለዋል። የሥራ መተግበሪያዎች ትንሽ የቦርሳ ምልክት ይኖራቸዋል፤ የእነርሱ ፋይሎችና አድራሻዎች ከግል ወገኑ ተለይተው ይቀመጣሉ። አስተዳዳሪው የሚያዝዘው በሥራው ክፍል ላይ ነው፤ ፎቶዎችዎንና መልእክቶችዎን አያይም፤ ለመደምሰስ ቢፈልግም የሚጠፋው የሥራው ክፍል ብቻ ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሥራውን ክፍል በአንድ ንክኪ ማጥፋትም ይችላሉ፤ ይህን ጥቅም የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። በአይፎን ላይ ተመጣጣኙ መንገድ «የተጠቃሚ ምዝገባ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ከአይኦኤስ 13 ጋር የቀረበ ነው። ድርጅቱ የሚሰጥዎ የአፕል አካውንት ከግልዎ ጎን ለጎን ይሠራል፤ የሥራው መረጃ በራሱ ቁልፍ በተመሰጠረ የተለየ ቦታ ይቀመጣል። በዚህ መንገድ የተመዘገበን ስልክ አስተዳዳሪው ሙሉ በሙሉ ሊደመስሰው አይችልም፤ የግል መተግበሪያዎችዎን ዝርዝርም ሆነ የስልኩን መለያ ቁጥር አያገኝም።

ሦስተኛ መንገድም አለ። ስልኩ ጨርሶ ሳይመዘገብ የሥራ መተግበሪያው ብቻ ይጠበቃል፤ ማይክሮሶፍት ኢንቲዩን ይህን ከሚሠሩት አንዱ ነው። መተግበሪያው ሲከፈት የራሱን ቁጥር ይጠይቃል፣ ከሥራ ኢሜይል የተቀዳ ጽሑፍ ወደ ግል መተግበሪያ እንዳይለጠፍ ያግዳል፣ ሥራ ሲለቁም የሚያጠፋው የራሱን ይዘት ብቻ ነው። ለኢሜይልና ለሰነድ ብቻ ከሆነ የምመርጠው ይህንን ነው፤ ድርጅቱ የሚፈልገውን ያገኛል፣ ሠራተኛውም ስልኩን ለማንም አያስረክብም።

ሊጠነቀቁት የሚገባው ስልኩን በሙሉ የድርጅቱ ንብረት እንደሆነ አድርጎ የሚመዘግበውን መንገድ ነው። በዚህ መንገድ የተመዘገበ አይፎን ላይ አስተዳዳሪው የተጫኑትን መተግበሪያዎች ዝርዝር ማየትና ስልኩን ከነሙሉ ይዘቱ መደምሰስ ይችላል። ይህ ለድርጅት ስልክ ተገቢ ነው፤ ለእርስዎ ስልክ ግን አይደለም። በተረፈ ስልኩ ሲመዘገብ የሚወጣውን የፈቃድ ገጽ ሳያነቡ አይለፉት። የስልኩን የኢንተርኔት ግንኙነት በሙሉ በድርጅቱ በኩል የሚያሳልፍ ቪፒኤን ወይም የድርጅቱ የደኅንነት ሰርተፍኬት እንዲጫን የሚጠይቅ ከሆነ፣ የግል አሰሳዎም በድርጅቱ መሥመር ሊያልፍ ስለሚችል ለሥራ መተግበሪያዎች ብቻ እንዲወሰን ይጠይቁ።

እምቢ ማለትን በሚመለከት መብትዎ በሥራ ውልዎና በሚኖሩበት አገር ሕግ የሚወሰን ስለሆነ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ከእምቢታ በፊት ግን ጥያቄዎን በጽሑፍ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ይበቃል። የምዝገባው ዓይነት የትኛው እንደሆነ፣ ድርጅቱ ምን ምን እንደሚያይ፣ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሥራ ሲለቁ ምን እንደሚደመሰስ ይጠይቁ። መልሱ «ሙሉው ስልክ» ከሆነ የድርጅት ስልክ ይሰጠኝ፣ አለዚያም ኢሜይሉን በኮምፒውተር ብቻ ልጠቀም ማለት ምክንያታዊ ነው። የትኛውም ቢሆን የግል ፎቶዎችዎ ሌላ ቦታ ቅጂ ይኑራቸው።

ጥያቄ፦ ሥራችን በሙሉ የሚካሄደው በዋትስአፕና በቴሌግራም ግሩፖች ነው። ውል፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የክፍያ ደረሰኝ የምንላላከው እዚያ ነው። ባለፈው ወር አንድ ባልደረባችን ለቆ ወደ ተፎካካሪ ድርጅት ሄደ። ከግሩፖቹ አስወጥተነዋል። ይበቃል? (ከአንድ የሽያጭ ክፍል ኃላፊ)

መልስ፦ አይበቃም። ዋትስአፕ ላይ ከግሩፕ የወጣ ሰው አዲስ መልእክት አይደርሰውም እንጂ የቀድሞው በስልኩ ላይ ይቀራል። ቴሌግራም የግሩፕን መልእክቶች በራሱ ሰርቨሮች ላይ ስለሚያስቀምጥ ከዝግ ግሩፕ የተባረረ ሰው ውይይቱን ማየት ያቆማል፤ አስቀድሞ ያወረዳቸውና ወደ ሌላ ያስተላለፋቸው ፋይሎች ግን በእጁ ናቸው። ከዚህም በላይ በግሩፕ የተላከ ፎቶ ወደ ስልኩ የፎቶ ማኅደር፣ ከዚያም ወደ ሰውየው የግል የደመና ማከማቻ በራሱ ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል። የዋትስአፕ መጠባበቂያ ቅጂም ተጠቃሚው ራሱ ካላበራው በቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊያነበው የማይችል አይደለም፤ አማራጩ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የወጣውን ፋይል መልሶ መሰብሰብ አይቻልም።

አሁን ማድረግ የምትችሉት የቀሩትን በሮች መዝጋት ነው። የሥራ ኢሜይሉ መዘጋቱን ብቻ ሳይሆን የተከፈቱ ግንኙነቶች ሁሉ መቋረጣቸውን፣ ኢሜይሉ ወደ ግል አድራሻው በራሱ እንዲተላለፍ የተቀመጠ ትእዛዝ አለመኖሩን፣ በጋራ ትጠቀሙባቸው የነበሩ የይለፍ ቃሎች ሁሉ መቀየራቸውን አረጋግጡ። ከግሩፖቹ አንዱን የፈጠረው እርሱ ከነበረ ባለቤትነቱ ወደ ማን እንደተላለፈ ተመልከቱ። የያዘውን እንዲያጠፋ በጽሑፍ ጠይቁትና ማጥፋቱን ያረጋግጥላችሁ፤ ስልኩን ተቀብሎ መበርበር ግን የሰውን የግል ሕይወት መድፈር ስለሆነ ወደዚያ አትግቡ።

ለወደፊቱ ደግሞ ግሩፑን ለንግግር ብቻ ተጠቀሙበት፤ ሰነዱ በድርጅቱ ማከማቻ ውስጥ ይቀመጥና ወደ ግሩፑ የሚላከው ማስፈንጠሪያው ብቻ ይሁን። ሰውየው ሲለቅ ፈቃዱ ይነሣል፤ ማስፈንጠሪያውም አይከፈትለትም። የደንበኛ መታወቂያ ቅጂን ግን በምንም ሁኔታ በግሩፕ አትላኩ።

ጥያቄ፦ የሥራ ኢሜይልና ሰነዶች ያሉበት ስልኬ ቢጠፋ በመጀመሪያ ምን ላድርግ? (ከብዙ አንባቢያን)

መልስ፦ ከሌላ መሣሪያ የጎግል ወይም የአፕል አካውንትዎን ከፍተው ስልኩን በርቀት ይቆልፉት፤ ወዲያውኑም ለመሥሪያ ቤትዎ ያሳውቁ። ቀጥሎ ሲም ካርዱን ያዘጉ፤ የማረጋገጫ ኮዶች በዚያ ቁጥር ስለሚመጡ ይህ ከስልኩ ዋጋ ይበልጣል። የሥራ አካውንቱን ድርጅቱ ከሁሉም መሣሪያ ያስወጣው። የአንድሮይድ ስልክ ከተደመሰሰ በኋላ ያለበትን ቦታ መከታተል ስለማይቻል መደምሰስን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ የሥራው ክፍል ግን ብቻውን ወዲያው ሊደመሰስ ይችላል። ለሥራ አስኪያጆች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር፤ ስልክ ጠፋብኝ ያለን ሠራተኛ የሚቀጡ ከሆነ የሚቀጥለው ሠራተኛ የሚነግርዎ ከሦስት ቀን በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የስልኬን ባትሪ ለማስቀየር ስሄድ ባለሙያው የመክፈቻ ቁጥሬን ጠየቀኝ። የሥራ ሰነዶች ስላሉበት ቅር አለኝ። መስጠት አለብኝ? (ከአንድ አንባቢ)

መልስ፦ ባትሪ ለመቀየር ቁጥሩ አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ከጥገናው በኋላ ስልኩን ለመፈተሽ ነው፤ ፍተሻውን እርስዎ ባሉበት፣ ራስዎ ከፍተው ማድረግ ይቻላል። በርካታ የሳምሰንግ ስልኮች «የጥገና ሁነታ» የሚባል፣ የባለቤቱን መረጃ ሸሽጎ ስልኩን ባዶ አስመስሎ የሚያቀርብ አማራጭ አላቸው፤ የጎግል ፒክስል ስልኮችም ተመሳሳዩ አላቸው። እንዲህ ያለ አማራጭ ከሌለዎትና ስልኩን ትተውት መሄድ ግድ ከሆነ፣ የመሥሪያ ቤትዎን የኮምፒውተር ክፍል አስቀድመው ይንገሩና የሥራ ፕሮፋይሉን ያንሡት፤ ሰነዶቹ በድርጅቱ ማከማቻ ውስጥ ካሉ ስልኩ ሲመለስ እንደገና ይጫናል።